ከባዶ እጅ ወደ ጓንት፦ በጥርስ ሕክምና የበሽታን መተላለፍ የመከላከል ታሪክ

ጥርስ ሐኪም ጓንት ሳያጠልቅ እጁን ወደ ታካሚው አፍ ቢሰድ፣ ዛሬ ታካሚው ራሱ ከወንበሩ ይነሣል። ሆኖም የዚህ ልማድ ዕድሜ አጭር ነው። በቀዶ ሕክምና የጎማ ጓንት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ሲስፋፋ፣ በአሜሪካ እስከ 1980ዎቹ ድረስ አብዛኛው ጥርስ ሐኪም የሚሠራው በባዶ እጁ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጓንት የጣትን ስሜት ያደነዝዛል የሚል ምክንያት ይቀርብ ነበር።

አደጋው ግን ያልታወቀ አልነበረም። ደምና ምራቅ በተቀላቀለበት አፍ ውስጥ ስለታም መሣሪያ ይዞ የሚውል ሰው ለሄፓታይተስ ቢ ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ በ1970ዎቹ የተካሄዱ የደም ምርመራዎች አሳይተዋል፤ በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ቫይረሱ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይገኝ ነበር። ሐኪሙም በተራው ለታካሚው የሚያስተላልፍበት ጊዜ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኢንዲያና ግዛት ከአንድ ጥርስ ሐኪም በተላለፈ ሄፓታይተስ ቢ ሁለት ታካሚዎች ሞተዋል። ክትባቱ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1981 ነው። ይህ ሁሉ እያለ የሙያው ልማድ የተለወጠው በዝግታ ነበር።

ለውጡን ያፋጠነው የኤድስ ፍርሃት ነው። በሐምሌ 1990 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ በፍሎሪዳ ግዛት አንዲት ወጣት በጥርስ ሕክምና ወቅት በኤች.አይ.ቪ. ሳትያዝ እንዳልቀረች አስታወቀ። ወጣቷ ኪምበርሊ በርጋሊስ ትባላለች፤ ሐኪሟ ዴቪድ ኤሰር በ1987 ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿን ሲነቅል ኤድስ ይዞት ነበር። በኋላ ከ1000 በላይ የቀድሞ ታካሚዎቹ ተመርምረው፣ የቫይረሶቹ የዘር ቅንጣት ሲነጻጸር በስድስቱ ደም ውስጥ ያለው ከሐኪሙ ቫይረስ ጋር በቅርብ የሚዛመድ ሆኖ ተገኘ። በርጋሊስ በመስከረም 1991 ሰውነቷ መንምኖ ሳለ በአገሪቱ ምክር ቤት ፊት ቀርባ፣ የሕክምና ባለሙያዎች በግዴታ እንዲመረመሩ ተማጸነች። በታኅሣሥ ወር በ23 ዓመቷ አረፈች። በዚያው ወር የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን የሚመለከት ደንብ አወጣ፤ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የመከላከያ አልባሳትንና የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን በነፃ እንዲያቀርቡ ተገደዱ።

የሕዝቡ ጥያቄ «የታመመው ሐኪም ማን ነው?» የሚል ነበር። የበርጋሊስን ሐዘን ማንም ሊነቅፍ አይችልም፤ የጥያቄው አቅጣጫ ግን የተሳተ ይመስለኛል። መርማሪዎቹ ወደ ክሊኒኩ ሲዘልቁ ያገኙት ነገር እምብዛም የጋዜጣ ርእስ አልሆነም። በጽሑፍ የሰፈረ የመከላከያ መመሪያ አልነበረም፤ ጓንት በየታካሚው በመለወጥ ፈንታ አንዳንዴ ይታጠብ ነበር፤ የጥርስ መቦርቦሪያው በሙቀት አይመክንም ነበር። ቫይረሱ በየትኛው መንገድ ከሐኪሙ ወደ ታካሚዎቹ እንደተሻገረ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልተረጋገጠም።

መቦርቦሪያው ራሱን የቻለ ነገር አለው። ውስጡ ክፍት ነው፤ አየርና ውኃ ያልፍበታል። ሐኪሙ መሣሪያውን ሲያቆም ከታካሚው አፍ ጥቂት ፈሳሽ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል፤ በቀጣዩ ታካሚ አፍ ውስጥ ሲነሣ ደግሞ ያንኑ መልሶ ሊተፋ ይችላል። ላዩን በአልኮል መጥረግ ለውስጡ ምንም አይፈይድም። በ1992 የታተመ ጥናት ይህንኑ በሙከራ ካሳየ በኋላ፣ የ1993ቱ የአሜሪካ መመሪያ መቦርቦሪያው ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በሙቀት እንዲመክን አዘዘ። ለአንድ ክሊኒክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንዱ በአውቶክሌቭ ውስጥ ሳለ የሚሠራበት ሌላ መቦርቦሪያ ያስፈልጋልና፣ አውቶክሌቩም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይቆማል።

በ2013 ደግሞ በኦክላሆማ ግዛት በተልሳ ከተማ፣ የአንድ ጥርስ ቀዶ ሐኪም 7000 ያህል የቀድሞ ታካሚዎች እንዲመረመሩ የጤና ባለሥልጣናት ጥሪ አቀረቡ። በክሊኒኩ የመሣሪያ ማምከንና የመድኃኒት አያያዝ ጉድለቶች ተገኝተው ነበር። በዘር ቅንጣት ምርመራ የተረጋገጠው የሄፓታይተስ ሲ መተላለፍ አንድ ብቻ ሲሆን፣ በአሜሪካ በጥርስ ሕክምና ከታካሚ ወደ ታካሚ መተላለፉ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። ቫይረሱ የመጣው ከሐኪሙ ሳይሆን በዚያው ክሊኒክ ከታከመ ሌላ ሰው ነው።