የታጨ ሰው የማን ነው? ከቪየና እስከ ጄኔቫ

ግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ። ዜናው ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው መመረጣቸውን ሲናገር ግማሹ ሰው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ፣ ግማሹ ስኒው ላይ አቀረቀረ። አንድ አዛውንት «የእኛው ልጅ ነው፣ እንኳን ደስ ያለን!» አሉ። አጠገባቸው የነበረ ወጣት «የእኛ ከሆነ እኛን መቼ ጠየቁን፣ አባባ?» ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ማንም አልመለሰለትም። አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ ባለፈው ክረምት ከጎንደርና ከባሕር ዳር ወደ ጎጃም ከተሞች የተሻገረው ተቃውሞ ቁስሉ ገና አልሻረም።

የወጣቱ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንድ መንግሥት ሰው አጭቶ ለዓለም አቀፍ ወንበር ሲያወዳድር፣ ያ ሰው የማን ነው? ጥያቄውን ለመረዳት በመጀመሪያ ወደ ቪየና፣ ወደ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እንሂድ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኤጀንሲው ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ኢራንና ዩራኒየም ነው። ነገር ግን ካንሰር የያዘው ዘመዱን ይዞ አባይ በረሃን ተሻግሮ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደጅ የጠና ሰው የኤጀንሲውን ሥራ ስሙን ሳያውቅ አይቶታል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የነበረው ያ የጨረር ሕክምና ማዕከል ከኤጀንሲው እገዛ አግኝቷል። ኢትዮጵያም ኤጀንሲው በ1957 ሲቋቋም ጀምሮ አባል ናት። ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል የሚለው ነገር እኛንም ይነካል።

የቪየና ምርጫ የሚያልቀው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። የገዥዎች ቦርድ የሚባለው 35 አገሮች አሉት፤ ዋና ዳይሬክተር ለመሆን ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ያስፈልጋል። ጠቅላላ ጉባኤው የሚያጸድቀው ቦርዱ ያለቀለትን ነው። ስለዚህ 12 አገሮች እምቢ ካሉ ዕጩው ወደቀ ማለት ነው።

በ1997 ስዊድናዊው ሐንስ ብሊክስ ከ16 ዓመት በኋላ ሲለቁ ግብፅ አምባሳደር መሐመድ ሻከርን አጨች። ሻከር የሚበቃ ድምፅ አላገኙም። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሌላ ግብፃዊ፣ በኤጀንሲው ውስጥ ለዓመታት የሠሩት የሕግ ባለሙያ መሐመድ ኤልባራዳይ ሆኑ። መንግሥታቸው መጀመሪያ ያጨው ሌላ ሰው ነበር፤ እሳቸውን በብርቱ የደገፈችው ዋሽንግተን ናት። ይህችው ዋሽንግተን ከኢራቅ ጦርነት በኋላ ፊቷን አዞረችባቸው። ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነበር የተባለበት ሰነድ ሐሰተኛ መሆኑን በ2003 ለጸጥታው ምክር ቤት የተናገሩት ኤልባራዳይ ነበሩ። በ2005 ሦስተኛ ዘመን እንዳያገኙ አሜሪካ ሞከረች፣ የሚከተላት ግን አጣች። በዚያው ዓመት ሰውየውና ኤጀንሲው የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

ከእሳቸው በኋላ ያለው ለአፍሪካ መራራ ነው። በ2009 ደቡብ አፍሪካዊው አብዱል ሚንቲ ከጃፓኑ ዩኪያ አማኖ ጋር ተፋጠጡ። በመጋቢት በተደጋጋሚ ድምፅ ተሰጥቶ ማንም ሳያልፍ ቀረ። ሐምሌ ላይ አማኖ 23 ድጋፍና 11 ተቃውሞ አገኙ፣ አንድ አገር ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። እዚህ ላይ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ከ35 ቢቆጠር 23 ሁለት ሦስተኛ አይሞላም፤ ከ34 ግን ይሞላል። የአቶሚክ ኤጀንሲውን መሪ የወሰነው አንድ አገር ዝም ማለቱ ነው! በ2019 አማኖ በሥራ ላይ እያሉ ሲሞቱም የቡርኪና ፋሶው ላሲና ዜርቦ ተወዳድረው በመሀል ቀሩ፤ አርጀንቲናዊው ራፋኤል ግሮሲ በ24 ድምፅ ገቡ። አፍሪካ 54 አገር ናት፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን የምትይዘው ጥቂት ወንበር ነው።

የጄኔቫው የጤና ድርጅትም እስከ 2017 ድረስ ከዚህ የተለየ አልነበረም። 34 አባላት ያሉት የሥራ አመራር ቦርድ አንድ ስም መርጦ ለጉባኤው ያቀርብ ነበር። በ2017 ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርዱ ሦስት ዕጩዎች አቅርቦ አባል አገሮች ሁሉ በምስጢር ድምፅ እንዲሰጡ ተደረገ። በእኔ እምነት ቴድሮስን ከማንኛውም ቅስቀሳ በላይ የጠቀማቸው ይህ ደንብ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ የአፍሪካ ኅብረት ደጃቸው ላይ ነው፤ የኅብረቱን ድጋፍ ገና በ2016 መጀመሪያ በእጃቸው አስገብተዋል። ቪየና ላይ ጥቂት ወንበር የሆነችው አፍሪካ ጄኔቫ ላይ ሙሉ ድምፅዋን ይዛ ገባች።

ድምፅ ሊሰጥ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው እኛ ቤት የምናውቀው ቃል ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ፦ አተት። የብሪታንያው ዕጩ የዴቪድ ናባሮ አማካሪ የነበሩት የሕግ ፕሮፌሰር ሎውረንስ ጎስቲን፣ ቴድሮስ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ሳሉ ኮሌራን «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» በሚል ስም ሸፍነዋል ሲሉ ከሰሱ። ቴድሮስ የስም ማጥፋት ዘመቻ ነው አሉ፤ ወረርሽኙ የተነሳው የላቦራቶሪ ምርመራ በሚያስቸግርበት ሩቅ ቦታ ነው ሲሉም ተከራከሩ። ዳኝነቱን ለእናንተ ልተወው። ሆኖም አተት ቀበሌው ገብቶ ያየ ሰው ይህን ክርክር እንደ ጄኔቫ ዲፕሎማት ቀለል አድርጎ ሊሰማው አይችልም። በውጭ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ምርጫውን በአደባባይ ተቃውመዋል።

አልበገራቸውም። በመጀመሪያው ዙር ቴድሮስ 95፣ ናባሮ 52፣ የፓኪስታኗ ሳኒያ ኒሽታር 38 አገኙ። በሁለተኛው 121 ለ62፤ ለሁለት ሦስተኛ አንድ ድምፅ ጎደለ። በሦስተኛው 133 ለ50 ሆነና ነገሩ አለቀ። በዚያ ምሽት ነው ቡና ቤታችን ለሁለት የተከፈለው።

ቀጥሎ የመጣውን ታስታውሱታላችሁ። የሰሜኑ ጦርነት በኅዳር 2020 ተነሳ። በዚያው ወር ጄኔራል ብርሃኑ ጁላ ሰውየውን ሕወሓትን በመደገፍ ከሰሱ፤ እሳቸው ወገንተኛ አይደለሁም አሉ። በጥር 2022 አዲስ አበባ ምርመራ እንዲደረግባቸው ለድርጅቱ በደብዳቤ ጠየቀች። በቦርዱ ስብሰባም የኢትዮጵያ አምባሳደር ተቃውሟቸውን ማሰማት ሲጀምሩ ሰብሳቢው አቋረጧቸው። ሰብሳቢው ኬንያዊ ነበሩ።

ከአምስት ዓመት በፊት ከየአገሩ ድምፅ ስትለምንላቸው የነበረች አገር አሁን ብቻዋን ቆመች። ለማስገባት የአገር ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ለማውጣት ግን ያው አገር ከብዙዎቹ አንድ ድምፅ ብቻ ናት። ካይሮ ኤልባራዳይን መጀመሪያ ሳታጭ ገቡ፤ ያስገባቻቸው ዋሽንግተንም ማስወጣት አልቻለችም። በግንቦት 2022 ቴድሮስ ያለ ተፎካካሪ ቀርበው ከ160 ድምፅ 155 አገኙ። ዕጩ አድርገው ያቀረቧቸው 28 አገሮች ናቸው፤ ከአፍሪካ ኬንያ፣ ሩዋንዳና ቦትስዋና አሉበት። ኢትዮጵያ የለችም።