በቻይና የሕዝብ ዜማና የባዕድ ጥበብ መዋሐድ፤ የኤርሁ ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ዜማ ከባዕድ ጥበብ ጋር በተገናኘ ጊዜ ወይ ድምፁ ይሰፋል፥ ወይ ጠባዩ ይለወጣል። በቻይና ሁለቱም በአንድነት መድረሳቸውን ኤርሁ የሚባለው መሣሪያ ታሪክ ያስረዳል። ኤርሁ መሰንቆን የሚመስል፥ ነገር ግን ሁለት አውታር ያለው መሣሪያ ነው። የድምፁ ሣጥን በዘንዶ ቆዳ የተለበጠ ሲሆን፥ የደጋኑ የፈረስ ጭራ በሁለቱ አውታሮች መካከል ያልፋል። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የመንደር ተጫዋቾች፥ የቲያትር ቤቶችና የመንገድ ለማኞች መሣሪያ እንጂ በትምህርት ቤት የሚከበር አልነበረም።

ይህን ሁኔታ በይበልጥ የለወጠው ሊዩ ቲየንኋ ነው (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1895–1932)። በ1922 በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ ቫዮሊንም ተምሮ የቫዮሊንን የጣት አካሄድና የድምፅ ማርገብገብ ወደ ኤርሁ አገባ። በ1927 የብሔራዊ ሙዚቃ ማሻሻያ ማኅበርን መሠረተ፤ ለኤርሁ ብቻ 10 ድርሰቶችና 47 መልመጃዎች ጽፎ ተወ። ይሁን እንጂ ከባዕድ መማሩ የአገሩን ዜማ አላስናቀውም። የሞተውም በፔኪንግ ቲየንቺያው በተባለው ሠፈር የሕዝቡን የከበሮና የነሐስ ዜማ ሲሰበስብ ተላላፊ በሽታ ይዞት ነው።

በሌላ በኩል በዉሺ ከተማ አቢንግ የሚባል ዓይነ ስውር ነበረ፤ ስሙ ኋ የንጁን ነው። በታኦ ሃይማኖት ቤተ መቅደስ አድጎ፥ ኋላም በጐዳና እየተጫወተ ይኖር ነበር። በ1950 ያንግ ዪንሊዩና ጻኦ አንኸ የተባሉ ሊቃውንት በሽቦ ላይ ድምፅ በሚቀርጽ መኪና ዜማውን ቀረጹ፤ የቀረጹትም 3 የኤርሁና 3 የፒፓ ዜማዎችን ብቻ ነው። አቢንግ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሞተ። ከእነዚህ አንዱ፥ «በሁለተኛው ምንጭ ላይ የታየች ጨረቃ» የሚባለው፥ በኖታ ተጽፎ በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የሚጠና ሆነ፤ ዉ ዙቺያንግም ለአውታር መሣሪያዎች ኦርኬስትራ አዘጋጀው።

ነገር ግን አቢንግ የሚጫወተው በሐር አውታርና በዝቅተኛ ቅኝት ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የብረት አውታር ሐሩን ተካ፤ ድምፁ ጐላ፥ ቅኝቱም ጸና፤ የቀድሞው ሻካራ ለዛ ግን ቀረ። ጐዳና ላይ እንደ ልብ የሚለዋወጠው ዜማም በጽሕፈት አንድ መልክ ብቻ ያዘ።

ልውውጡ በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በ1959 ቸን ጋንግና ኸ ጃንኻው የተባሉ የሻንግኃይ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች «የቢራቢሮ ፍቅረኞች» የተባለውን ኮንቼርቶ ሲደርሱ፥ ቫዮሊኑ የሻውሺንግን ኦፔራ የድምፅ መንሸራተት እንዲከተል አደረጉ። ከ1966 እስከ 1976 የባሕል አብዮት ይህን መንገድ አጠበበው። በ1980ዎቹ ግን ጽዊ ጂየን የሮክ ጊታርን ሱዎና ከተባለው የገጠር መለከት ጋር አጣመረ።

እንግዲህ የቻይናን የሕዝብ ዜማ ያጐደለው ከባዕድ ጥበብ ጋር መዋሐዱ ብቻ አይደለም። ሊዩ ያሻሻለው ዜማ ዛሬም ይሰማል፤ የአቢንግም ስድስቱ ዜማዎች በሽቦው ስለ ተያዙ ተርፈዋል። ሳይቀረጹ የቀሩት ዜማዎቹ ግን ከባለቤታቸው ጋር ተቀበሩ። ስለዚህ የሕዝብን ዜማ ለማሻሻል የሚነሣ ሁሉ፥ አስቀድሞ እንዳለ አድርጎ መቅረጽ ይገባዋል።