ስሙ የድሮ፣ ሞተሩ አዲስ

«ፖርሽ ነው እኮ!» ከተባለ ክርክሩ ያበቃል። እኛ ግን አንዲት ጥያቄ አለችን፤ የትኛው ሞተር?

911 ጂቲ3 የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የመጀመሪያዎቹ ጂቲ3ዎች ሞተር በእሽቅድምድም የተፈተነ ነበር፤ በ1998 ለ ማን ላይ ካሸነፈው ጂቲ1 ጋር ይዛመዳል። በ2013 ኩባንያው ይህን ሞተር ትቶ በደቂቃ 9,000 ዙር የሚሽከረከር፣ 475 የፈረስ ጉልበት ያለው አዲስ ሞተር አስገባ። ስሙ ግን ያው ጂቲ3 ነው። ገዢው የከፈለው ለአሮጌው ስም፣ የተረከበው ያልተፈተነውን ሞተር!

ብዙም አልቆየ። አውሮፓ ውስጥ ሁለቱ በእሳት ተያያዙ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ፖርሽ የ785 መኪኖችን ባለቤቶች «አትንዱ» አላቸው። ለካ ፒስተኑን የሚይዘው ቢየላ ቡሎኑ እየላላ የሞተሩን አካል ይጎዳል፤ የፈሰሰው ዘይት ይቀጣጠላል። ኩባንያው (ለዚህስ ምስጋና ይገባዋል) ጥገና ውስጥ አልገባም፤ የ785ቱንም ሞተር ሙሉ በሙሉ ቀየረ። በ2017 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለሞተሩ የ10 ዓመት ዋስትና ሰጠ።

በ2014 ለተሸጡት ያ 10 ዓመት አልቋል። እና ያገለገለ ጂቲ3 ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ቀለሙንና ጎማውን ከማየታችሁ በፊት ሞተሩ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቁ።