ቅኔና ሰሚው፤ በጎጃም ጉባኤያት ስለ ነበረው የተማሮች የቅኔ ልውውጥ

ሰው ለብቻው ቢጸልይ ጸሎቱ ይሰማለታል፤ ለብቻው ቢቀኝ ግን ቅኔው ገና መንገድ ላይ ነው። የሚያደምጠው፥ የሚፈታው፥ ጸያፉን የሚነቅሰው፥ መልሶም በሌላ ቅኔ የሚገጥመው ጓደኛ እስኪያገኝ ድረስ የቅኔ ሥራው አልተፈጸመም። ይህ ነገር በአገራችን የቅኔ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የታላላቆቹን መምህራን ስም ይመዘግባሉ እንጂ፥ በደበሎና በአኩፋዳ የኖሩት ስም የለሽ ተማሮች እርስ በርሳቸው የተነጋገሩትን አይመዘግቡም። ቅኔ እስከ ዛሬ የቆየው በመምህራኑ ዕውቀት ብቻ ነውን፥ ወይስ በተማሮቹም መነጋገር? ይህን መመርመር የሚገባ ነው።

ቆሰበር፥ ዛሬ እንጅባራ የምትባለው የአዊ ዋና ከተማ፥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በደጋው ተቀምጣለች። ቀርከሃ የሚለመልምበት፥ የዘንገና ሐይቅ በኮረብታ ተከቦ የሚታይበት፥ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ፈረስ የሚጋለብበት አገር ነው። መኪና ሳይመጣ በእግሩ የሚሄደው መንገደኛ ነጋዴና ወታደር ብቻ አልነበረም፤ በጎጃም ምድር ከጉባኤ ወደ ጉባኤ የሚዞረው ተማሪም ነበረ። አንድ የቅኔ ተማሪ ጓዙ ቀላል ነው፤ ደበሎው ለልብሱም ለምኝታውም ይሆነዋል፤ አኩፋዳው የለመነውን ቁራሽ ይይዝለታል፤ በትሩ ከውሻ ይጠብቀዋል። ከባዱ ሸክሙ በልቡ የያዘው ነው፤ ይኸውም የመምህሩና የጓደኞቹ ቅኔ ነው።

ከአገው ቤት ወጥቶ ወደ ቅኔ ቤት የሚሄድ ልጅ ሦስት ቋንቋ ይሸከማል። አፉን የፈታው በአገውኛ ነው፤ በገበያና በአደባባይ የሚነጋገረው በአማርኛ ነው፤ የሚቀኘው ግን በግእዝ ነው። ይህ ለብቻው የተጫነ ዕዳ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። አማርኛ አፉን የፈታበትም ልጅ ቢሆን በግእዝ ፊት እንግዳ ነውና። ግእዝ ዛሬ የማንም የእናት ቋንቋ ስላልሆነ በጉባኤው ውስጥ ባለ ርስት የሆነ ተማሪ የለም፤ ሁሉም መጻተኛ ነው። ስለዚህ የባላባት ልጅና የገበሬ ልጅ፥ የአገውና የዳሞት፥ የሜጫና የአቸፈር ልጅ በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ግስ ሲያቃና፥ የሚመካበት ትውልድ አይኖረውም፤ የሚመካው ቅኔው ሲያምርለት ብቻ ነው።

የቅኔ መጀመሪያ በሊቃውንት ትውፊት ወደ ቅዱስ ያሬድ ይወጣል። በጉባኤ ተደራጅቶ የመማሩን ነገር ግን ትውፊቱ ከዮሐንስ ገብላዊና ከተዋነይ ጋራ ያያይዘዋል፤ የተዋነይም ዘመን በዐፄ እስክንድር መንግሥት (ከ1471 እስከ 1486 ዓ.ም.) እንደ ነበረ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ዋድላ፥ ጎንጅና ዋሸራ ሦስቱ የቅኔ ቤቶች ተብለው ታወቁ፤ ከእነዚህም ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም ናቸው። በጎጃም ደግሞ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ መምህራን ስመ ጥር ሆኑ። ቤቶቹ በአገባብና በምሥጢር አካሄድ ይለያያሉ፤ ስለዚህም ትጉህ ተማሪ አንዱን ቤት ከጨረሰ በኋላ ሌላውን ለማየት ይነሣል። በሚሄድበትም ጊዜ የአንዱን ጉባኤ ቅኔ ወደ ሌላው ያደርሳል፤ ከዚያም የተሰጠውን መልስ ሲመለስ ይዞ ይመጣል። ማተሚያ ቤት በሌለበት ዘመን የቅኔ ፖስታ የተማሪ እግር ነበረ ማለት ይቻላል።

የትምህርቱ ሥርዓት ራሱ መነጋገርን የሚያስገድድ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ግስና እርባታ ያጠናል፤ ከዚያ በሁለት ቤት ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ባለ ሦስት ቤት የሆኑትን ዘአምላኪየንና ሚ በዝኁን፥ ባለ ስድስት ቤት የሆነውን ሥላሴን እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። ቅኔውን ለመቍጠር ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ወይም በወንዝ ዳር ይቀመጣል። ቆጠራ የሚባለው ይህ ነው፤ በዚህ ሰዓት ዝም ማለት ግዴታ ነው። ከቆጠራ በኋላ ግን ነገራ ይመጣል። ተማሪው የቈጠረውን ይዞ ወደ ጉባኤው ይመለስና ከእርሱ ከፍ ላለው ተማሪ፥ አስነጋሪ ለሚባለው፥ ወይም ለመምህሩ ይናገራል። መምህሩም በበኩሉ በተማሮቹ ፊት ይዘርፋል፤ ተማሮቹ ሰምተው ይይዙታል፥ ምሥጢሩን ይፈቱታል፥ ይከራከሩበታል። እንግዲህ የቅኔ ቤት ቀን በሁለት የተከፈለ ነው፤ እኩሌታው ዝምታ፥ እኩሌታው መነጋገር ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ሌላው አይቆምም።

የእርስ በርስ መተራረሙ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ መግለጥ ይቻላል። አንድ ጀማሪ ሰሙን ኮሶ፥ ወርቁን ንስሐ አድርጎ ቈጠረ እንበል። ኮሶ የሚመርር መድኃኒት ነው፥ ሆድን ያጠራል፤ ንስሐም ትመርራለች፥ ነፍስን ታጠራለች። ተማሪው ደስ ብሎት ለጓደኛው ይነግረዋል። ጓደኛውም፥ «ግሱ ደኅና ነው፤ ቤቱም መትቷል። ዳሩ ግን ሰምህ ወርቅህን ሙሉ አልያዘውም። ኮሶ ያወጣል እንጂ አያበላም፤ ንስሐ ግን ከሥጋውና ከደሙ ታደርሳለች፤ ማዕዱን የት ተውኸው?» ይለዋል። ጀማሪው ወደ ዛፉ ይመለሳል። ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን በባዶ ሆዱ ውሎ ማታ እንጀራ እንደሚቀርብለት ያስባል፤ ያን ጊዜ የማታው እንጀራ የቍርባን ምሳሌ ሆኖ ይገባለታል፥ ሰሙም ወርቁን ይሞላዋል። ይህ ቅኔ የማን ነው ቢባል የጀማሪው ነው፤ ነገር ግን ያለ ጓደኛው ጥያቄ ግማሽ ሆኖ በቀረ ነበር።

ይህ ሥርዓት ሌላም ሕግ አለው። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ሁለተኛ እንደ አዲስ ሆኖ አይቀርብም፤ የሌላውንም ቅኔ የራስ አድርጎ መናገር ትልቅ ነውር ነው። በማኅሌትም ባለ ቅኔው ቃሉን ይሰጣል፥ ተቀባዩ በዜማ ያነሣዋል፥ ምሥጢሩ የገባቸው ሊቃውንት «ይበል!» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቅኔው በሰሚዎቹ ልብ ካልሆነ በቀር ማደሪያ የለውም። እንዲህ ያለውን ሕግ የሚጠብቀው ዳኛ ማን ነው? የጽሑፍ መዝገብ አይደለም፤ የጓደኞች ትዝታ ነው። አንዱ ተማሪ የሰረቀውን ቅኔ ቢያቀርብ ከመካከል ተነሥቶ «ይህ እገሌ በእገሌ በዓል ያለው ነው» የሚል ሰው ይገኛል። ስለዚህ የሰሚዎቹ ጉባኤ ተቺም፥ ዳኛም፥ ቤተ መጻሕፍትም ነበረ። ጉባኤው ሲበተን ሦስቱ አብረው ይበተናሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም መሸሽ አይገባም። መተራረም ወደ ቅናት፥ ቅናትም ወደ መሰዳደብ እንደሚያደርስ፥ ሰምና ወርቅም ለውዳሴ ብቻ ሳይሆን ለነቀፋ መሸሸጊያ እንደሚሆን የታወቀ ነው። ነገር ግን የቅኔ ቤት ለዚህ መድኃኒቱን አዘጋጅቶለታል። ተማሮቹ የሚተራረሙት በመምህር ፊትና በአስነጋሪ ሥር ነው፤ የሚቀኙትም ለእግዚአብሔር፥ ለእመቤታችን፥ ለቅዱሳን ነው፤ ትናንት ያረመህ ጓደኛ ዛሬ የለመነውን ቁራሽ ያካፍልሃል። አብረው የተራቡ ሰዎች ቢነቃቀፉ እንኳ ፈጥነው ይታረቃሉ።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም ቢሆን የአገራችን ሰው ግጥም በመቀባበል ይኖራል። በለቅሶ ቤት አንዷ አልቃሽ ስትገጥም ሌሎቹ ይቀበላሉ፥ ከዚያም ሌላዋ ትነሣለች፤ ልጆች በእንካ ሰላንትያ ቃል ይወራወራሉ፤ ፎካሪው ሲፎክር ጓደኛው ተነሥቶ ይከተለዋል። ሊቁ በግእዝ የሚያደርገውን ጨዋው በአማርኛና በአገውኛ ያደርገዋል። በሌላው ዓለምም ይህን የሚመስል አለ። በጃፓን አገር ሶጊ፥ ሾሃኩና ሶቾ የሚባሉ ሦስት ባለ ቅኔዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1488 ዓመት ተቀምጠው፥ አንዱ ለሌላው እየመለሰ፥ አንድ መቶ ተከታታይ ግጥም ፈጸሙ። ይህ የእኛ ትውፊት ተዋነይን የሚያኖርበት የዐፄ እስክንድር ዘመን ነው። አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ በሁለት የምድር ዳርቻ ጥበብ በመቀባበል ሲሠራ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

ከዚህ በኋላ የኅትመት ዘመን መጣ። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኢግናጺዮ ጉዊዲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ቅኔ ጽሑፍ አሳተመ። በአገራችንም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው «መጽሐፈ ቅኔ» በሚል ስም አወጡ፤ ኋላም መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ በ1963 ዓ.ም. ሌላ «መጽሐፈ ቅኔ» አበረከቱ። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ደግሞ የአንባቢዎችን ግጥም እያተመ ከተሜውን ወደ መቀባበሉ አስገባው። ከደብረ ኤልያስ የወጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የቅኔውን ጥበብ ወደ አማርኛ መዝሙርና ቴአትር አሻገሩት። የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቆሎ ተማሪውን ሕይወት ለአንባቢው ሁሉ አሳዩ። ለእነዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባል። ሆኖም መጽሐፉ የያዘልን ፍሬውን ነው፤ ቅኔው ሲቈጠር ጓደኛ የጠየቀውን፥ አስነጋሪው የሰረዘውን፥ ጀማሪው አፍሮ ያቃናውን አልያዘልንም። ከመጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሊቃውንቱ ሳይሳሳቱ የተወለዱ ይመስሉታል።

ያልተጻፈውም ብዙ ጠፍቷል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኰሳትና ዲያቆናት በፋሽስት ጥይት ሲፈጁ፥ በልባቸው የያዙት ሁሉ አብሯቸው ወደ መቃብር ወርዷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን፥ ቤተ ክርስቲያን መምህራኗን የምትረዳበት መሬት ከእጅዋ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የጉባኤው ኑሮ በምእመናን ምጽዋትና በተማሪው ልመና ላይ ይበልጥ ተንጠለጠለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቅኔ አልሞተም። ለምን አልሞተም ለሚል ሰው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በቂ መልስ ናቸው። እኒህ የጎጃም እናት ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፥ በኋላ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ብዙ ተማሮች አፈሩ። ብራና ሊያነቡ፥ ቀለም ሊበጠብጡ አልቻሉም፤ የተማሩትም ያስተማሩትም በጆሮ ነው። ቅኔ በሚናገርና በሚሰማ መካከል እስካለ ድረስ ዓይን ባይኖር እንኳ እንደሚኖር በእርሳቸው ታየ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር መማር ይገባል። መጀመሪያው፥ ጉባኤውን መርዳት መምህሩን መርዳት ብቻ አይደለም። አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ብቻ የቀሩበት ቤት ግስ ያስተምር ይሆናል እንጂ ተማሪው ከእኩያው ጋር የሚተራረምበት ጉባኤ አይሆንም፤ ስለዚህ ምጽዋቱ ለብዙዎቹ ተማሮች ቁራሽ ሊደርስ ይገባዋል። ሁለተኛው፥ በደብሩ ማኅሌት የቅኔው ጊዜ ሲያጥርና ተራው ለአረጋውያኑ ብቻ ሲሆን ጀማሪው የሚሰማው ያጣል፤ በዓመት ከሚውሉት በዓላት ጥቂቱ እንኳ ለወጣቱ ጉባኤ ቃና ቢለቀቅ አለቆቹን የሚያስከብር ነው እንጂ የሚያሳንስ አይደለም። ሦስተኛው፥ ፊደል የቆጠረው ከተሜ የቅኔ ተማሪ በደጁ ሲቆም ቁራሹን ሰጥቶ በሩን ከመዝጋት ይልቅ «ዛሬ ምን ቈጠርህ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ የሰማውንም ከእርማቱ ጋራ ቢጽፈው፥ መጻሕፍቱ ያልያዙልንን ለልጆቻችን ያቆይላቸዋል።

ቆሰበር ዛሬ የአስፋልት መንገድና ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። መንገደኛውም በአንድ ቀን ብዙ አገር ያልፋል። የቅኔ መንገድ ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም ቢሆን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ነው፥ ከዚያም ተመልሶ ከጆሮ ወደ አፍ ነው። አፍ የሰጠ አምላክ ጆሮንም አብሮ ሰጥቷልና፥ ለሚናገሩት ልጆች ጆሮ መሆን የሊቃውንቱም የከተሜውም ዕዳ ነው።