የጨለማዋ ፍላጻ

ጀርመናዊው የፍልስፍና መምህር ኦይገን ሄሪገል እ.ኤ.አ. በ1924 ጃፓን ገብቶ በሴንዳይ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። የዜንን ምስጢር ለመረዳት ይጓጓ ነበርና በአንድ ጥበብ በኩል ቢገባ እንደሚሻለው ተነገረው። ባለቤቱ አበባ መደርደርንና የቀለም ሥዕልን መረጠች። እርሱ ደግሞ ኪዩዶ የተባለውን የቀስት ትምህርት ከመምህር አዋ ኬንዞ ዘንድ ያዘ።

ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ደጋን በክንድ ጉልበት ሳይሆን በእስትንፋስ መሳብ፣ አውታሩንም «ልልቀቅ» ሳይሉ መልቀቅ ቀላል አልሆነለትም። ለዓመታት ያህል የወረወረው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ወደተቀመጠ የገለባ ጥቅል ነበር።

ሄሪገል እንደሚተርከው፣ አንድ ምሽት መምህሩ በጨለማ ሁለት ፍላጻ ወረወሩ። የመጀመሪያዋ የዒላማውን መካከል መታች፤ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ዘንግ ሰነጠቀች። መምህሩም ወርዋሪው እርሳቸው ሳይሆኑ ስም የሌለው አንድ ኃይል እንደሆነ ነገሩት። ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1948 በመጽሐፍ ወጣና ከጠቢባን ዘንድ ደረሰ። ሠዓሊው ዦርዥ ብራክ ለፎቶግራፍ አንሺው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን አበረከተለት፤ እርሱም ለሥራው ትልቅ ትርጉም እንደሰጠው ተናግሯል።

ይሁንና ጃፓናዊው ተመራማሪ ሾጂ ያማዳ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ነገሩን ገለጥ አድርገው አሳዩ። ሄሪገል ጃፓንኛ አጥርቶ አያውቅም፤ በዚያች ምሽትም አስተርጓሚው አልነበረም። አስተርጓሚው ኋላ ስለ ፍላጻዎቹ ሲጠይቃቸው አዋ አጋጣሚ ነው ብለው መልሰዋል። «ስም የሌለው ኃይል» የተባለውም፣ ያማዳ እንደሚገምቱት፣ «እንዲህ ነው!» የሚል ተራ ማበረታቻ ሳይሆን አይቀርም። ራስን ስለመርሳት ያስተማረው ሄሪገልም እ.ኤ.አ. በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር።

ታዲያ በተሳሳተ ትርጉም ላይ የቆመ ጥበብ ከንቱ ነውን? የካርቲየ ብሬሶን ዝነኛ ሥራ መልሱን ይጠቁመናል። በፓሪስ ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በኩሬ ላይ ሲዘል አየር ላይ የቀረውን ሰው ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1932 ነበር፤ መጽሐፉ ገና ሳይጻፍ። ስለዚህ መጽሐፉ ያንን ዓይን አልፈጠረለትም፤ እጁ አስቀድሞ ለሚያውቀው ነገር ቃል ሰጠው እንጂ።

የጨለማዋ ፍላጻ አጋጣሚ ልትሆን ትችላለች። በገለባው ጥቅል ፊት ያለፉት ዓመታት ግን አጋጣሚ አልነበሩም። ሠዓሊም ሆነ ፎቶግራፍ አንሺ ከቀስተኛው የሚወርሰው ተአምሩን ሳይሆን ልምምዱን ነው።