ከማንኩሳ እስከ «ትዝታ»፦ የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድና ኢ-ልብ ወለድ በአንድነት ማንበብ

(በቡሬ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፤ ሥነ ጽሑፍን መሔስ ሙያዬ አይደለም። ስለ አንድ ደራሲ እንድናገር ያነሣሣኝ በራሴው የሙያ መስክ ያጋጠመኝ ችግር ነው። ስለ ጎጃም የመሬት ሥሪት የሚቀርቡልኝን የመመረቂያ ጽሑፎች ሳነብ፣ በግርጌ ማስታወሻው እየተመላለሰ የሚመጣው ምንጭ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሆኖ አገኘዋለሁ። ፊታውራሪ መሸሻ፣ በልብ ወለድ የተፈጠሩ ሰው መሆናቸው ተዘንግቶ፣ ቃላቸውን እንደሰጡ ምስክር ይጠቀሳሉ። እኔ ይህን የምቃወመው ልብ ወለድ ለታሪክ ጸሐፊ አይጠቅምም ብዬ አይደለም። እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን የሚመሰክረው ስለ የትኛው ዘመን ነው? የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱም የሚገኘው የደራሲውን ልብ ወለድ ካልሆኑት ሥራዎቻቸው ጋር፣ በታተሙበት ቅደም ተከተል ስናነብ ነው እላለሁ። ዓመታቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 በጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ ከዚያ በአዲስ አበባ በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ገቡ፤ ወደ ጎጃምም ተመልሰው በማስተማርና በመንግሥት ሥራ አገለገሉ። ጣሊያን ሲወር በጎጃም ገዥ በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሥር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ሠራዊቱ ከተፈታ በኋላም ከራስ እምሩ ጋር በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆይተው፣ በ1929 ተማርከው ወደ ጣሊያን ደሴቶች፣ ወደ ፖንዛና ወደ ሊፓሪ ተጋዙ። የተባበሩት መንግሥታት ጦር እስኪያስፈታቸው ድረስ በዚያው ቆዩ። ከነጻነት በኋላ ያለው የሥራ ዘመናቸው በዲፕሎማትነት፣ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያለፈ ነው።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ አንድ ነገር ልብ በሉ። በየካቲት 1933 የጣሊያን ጦር ይህን የቡሬን ምሽግ ለቆ ሲወጣ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፉ፣ ሐዲስ በጣሊያን እስር ላይ ነበሩ። በቃል እንደሚነገረው ወጀት የተባለችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለችው በዚያ ጉዞ ምክንያት ነው። ደራሲው ግን ያንን ጎጃም አላዩትም። ጎጃም የተለየችው የአምስቱን ዓመት አርበኝነት ሳታውቅ፣ ወደ ዘመቻ የሚሄድ ወጣት ባያት መልኳ ነው። በልብ ወለዳቸው ውስጥ አገሪቱ ከወረራው በፊት ባለው ሥርዓቷ ቆማ የምትታየው ከዚህ የተነሣም ይመስለኛል። ይህን የምለው እንደ ግምት እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይደለም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። በ1948 «ተረት ተረት የመሠረት» ታተመ። ለታዳጊዎች የሚሆን የተረት መጽሐፍ ነው። በዚያው ዘመን ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ቤት ትርጉም የጻፉት ኢ-ልብ ወለድ መጽሐፍም ወጣ። አንዱ ለልጅ፣ አንዱ ልጅ ለሚያስተምር ሰው። ሁለቱን ብዙ ሰው አያነባቸውም፤ እኔም ብዙ አልቆይባቸውም። የደራሲውን የመጀመሪያ ጭንቀት ግን ያሳያሉ፦ ወጣት ምን ይማር፣ በምንስ ቋንቋ ይማር የሚለውን። ከአሥር ዓመት በኋላ ይኸው መምህር በልብ ወለዱ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሐዲስ በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው በምልክት ለመለየት ሞክረዋል። የፍቅር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ማጥበቂያ ምልክት ምን ያስጨንቀዋል? መልሱ ከ1948ቱ መጻሕፍት ነው የሚገኘው። ይህ ሰው ልብ ወለዱን ሲጽፍም ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አልራቀም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታተመ። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቃ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ከምትገኘው ከማንኩሳ ነው። ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ በዚያ ተጋቡ፤ በዛብህም በዚያ ተወለደ፤ ለቤተ ክርስቲያን በስእለት የተሰጠውም በዚያው ነው። ከዚያ በኋላ መድረኩ ወደ ዲማ፣ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤትና ወደ ሰብለ ወንጌል ይዛወራል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉ ማንበብ ለማይችለውም ደረሰ። በአውቶቡስ ማንኩሳን ስናልፍ «የበዛብህ አገር» የሚል ተሳፋሪ ሰምቻለሁ፤ መጽሐፉን አንብቦት እንደሆነ ስጠይቀው «በሬዲዮ ነው የማውቀው» ነበር መልሱ።

አብዛኞቻችሁ ይህን መጽሐፍ ያነበባችሁት በአሥራ አምስት ወይም በአሥራ ስድስት ዓመታችሁ ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው ፍቅሩን ያነባል፤ ግብሩን ይዘለዋል። ለታሪክ ተማሪ ግን ከመጽሐፉ ክብደት ከፍ ያለው ክፍል የዘለላችሁት ነው። ፊታውራሪው ገበሬዎቹን ከልማድ በላይ ይጠይቃሉ፤ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላሉ፤ ፊታውራሪ ሊያስገብሯቸው ይዘምታሉ፤ ይማረካሉም። ጉዱ ካሣ በሐሳብ የሚያፈርሰውን ሥርዓት ገበሬዎቹ በተግባር ይፈትኑታል።

መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ጎጃም ሲደርስ እውነተኛው ዐመፅ ተነሣ። ሞጣና ቢቸና ከዐመፁ ዋና ስፍራዎች መካከል ነበሩ። ዲማ ደግሞ በዚያው በቢቸና አካባቢ ናት። ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ይህን ተመልክተው ደራሲውን ነቢይ የሚያደርጉ አሉ። የታሪክ ሰው ግን እዚህ ላይ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። የጎጃም ገበሬ ግብርንና የመሬት ልኬትን ሲቃወም 1960 የመጀመሪያው አልነበረም። ነጻነት በተመለሰ ማግስት የመሬት ግብር ሲታወጅ ተነሥቷል፤ በ1942 እና በ1943ም እንዲሁ። ርስተኛው ልኬቱን የፈራው ገንዘቡን ብቻ ሳስቶ አልነበረም። መሬቱ ተለክቶ በመንግሥት መዝገብ ከሰፈረ፣ ከአባቱ የወረሰው ርስት ነገ የማን እንደሚሆን እርግጠኛ መሆን ስለማይችል ነው። ስለዚህ ሐዲስ መጪውን አልተነበዩም። በለንደን አምባሳደርነታቸው ዘመንም ሆነ ከዚያ በፊት፣ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ሊያውቀው የሚችለውን፣ ግን በራሱ ስም ሊጽፈው የማይችለውን ያለፈ ነገር በድሮ ዘመን ልብስ አልብሰው አቀረቡት። የአበጀ በለው ዐመፅ ከወረራው በፊት ስለነበረው ጎጃም የሚነግረን ጥቂት ነው። በ1950ዎቹ አንድ የተማረ ጎጃሜ ባለሥልጣን ሌሊት ሌሊት ስለሚያስበው ነገር የሚነግረን ግን ብዙ ነው።

አንድ ተማሪ በ1928 በደብረ ማርቆስ በራስ እምሩ አስተዳደር ላይ የተነሡት ደጃዝማች ገሠሠ በለው ለአበጀ በለው ምሳሌ ሆነው እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። የስም መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም፤ በለው ብርቅ ስም አይደለም። የጥያቄው መንፈስ ግን ትክክል ነው። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ከሥልጣን ወርደው ራስ እምሩ ከመሀል አገር ሲሾሙ፣ በጎጃም የታዛዥነት ጥያቄ ተከፍቶ ነበር። ይህን ገዥ የምንታዘዘው ስለ ምን ነው? በ1928 ጦርነት መካከል ጥያቄው በዐመፅ ተገለጠ። ሐዲስ የዚያ ጦር አባል ነበሩ።

በ1966 የወጣው መጽሐፋቸው አርእስቱ ራሱ ጥያቄ ነው፦ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» ዓመቱን አስተውሉ። አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ወረዱ። በ1958 በፊታውራሪና በገበሬ መካከል በትረካ የተቀመጠው ነገር፣ አሁን ያለ ሰብለ ወንጌልና ያለ በዛብህ፣ በግልጽ ክርክር መልክ ቀረበ። በስምንት ዓመት ውስጥ የተለወጠው የደራሲው ጥያቄ አይመስለኝም። ጥያቄው የሚነገርበት በር ነው የተለወጠው። ቀድሞ በልብ ወለድ በር ብቻ የሚያልፍ ነገር፣ ለጥቂት ወራት በዋናው በር ማለፍ ቻለ።

ያ በር ግን ብዙ አልቆየም። በደርግ ዘመን ሐዲስ ወደ ልብ ወለድ ተመለሱ፦ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980። በዳኝነት ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል የሚል አርእስት በዚያ ዘመን ሲወጣ ምን እንደሚያስታውስ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

«ትዝታ» የታተመው በ1985 ነው። ስለ ጣሊያን ጦርነት የጻፉት የራሳቸው ማስታወሻ፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ከ57 ዓመት በኋላ። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሆነው ያዩትን የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ሆነው አሳተሙት። በመካከሉ ሁለት መንግሥታት ወድቀዋል። ተማሪዎቼ «ትዝታ»ን የዐይን ምስክር ነው ብለው ያለ ጥንቃቄ ይቀበሉታል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም እንዲሁ። እኔ የምለው ማስታወሻውንም በሁለት ዐይን አንብቡት ነው፤ በአንዱ 1928ን፣ በሌላው 1985ን። በተለይም የልብ ወለዱ ደራሲ የማስታወሻው ጸሐፊ መሆኑን አትርሱ። ፊታውራሪ መሸሻን ሲዘምቱ በቀልድ የሳለ እጅ፣ እውነተኛ መኳንንት ሲዘምቱ የጻፈውም ያው እጅ ነው። የትኛው የትኛውን ቀረጸው? ጦርነቱ ልብ ወለዱን ወይስ ልብ ወለዱ የጦርነቱን ትዝታ? ይህ ለማስተርስ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ የሚፈልግ ይውሰደው።

ይህ ቅደም ተከተል የሐዲስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 የመጀመሪያውን ልብ ወለዱን አሳተመ፤ በ1966 ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1983 የናይጄሪያ ችግር አመራር ነው የሚል አጭር ክርክር አወጣ፤ የቢያፍራን ጦርነት ማስታወሻውን ያሳተመው ግን በ2012፣ ጦርነቱ ካበቃ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። ልብ ወለድ መጀመሪያ፣ የአስተዳደር ክርክር ቀጥሎ፣ የጦርነት ትዝታ በመጨረሻ። ሁለቱ አገሮች ብዙ ይለያያሉ፤ አቼቤ በክርክሩ ያልታገሠውን ያህል ሐዲስ በዲፕሎማት ቋንቋ ይታገሣሉ። ቢሆንም የጦርነት ቁስል ለመጻፍ ከሥልጣን ትችት የበለጠ ጊዜ መውሰዱን ሁለቱም ያሳዩናል።

በተግባር ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ለመጠየቅ እንጂ ለመከልከል አልመጣሁም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለግብር መጠን፣ ለጉልት ወሰን፣ ለዓመት ምህረት ምንጭ አታድርጉት፤ ለዚያ መዝገብና የሽማግሌ ቃል አለ። ግብር ማጣት ምን ያህል ያዋርዳል፣ ጎረቤት በባል ሞት የተጠረጠረች ሴትን እንዴት ያገላል፣ የስእለት ልጅ ከራሱ ሕይወት ምን ያህሉ የራሱ ነው ለሚሉት ግን ከመዝገብ የማይገኝ ምንጭ ነው። ሁለተኛው፣ ስትጠቅሱት ከታሪኩ ዘመን ጎን 1958ን ጻፉ። ሦስተኛው ለማንኩሳ ልጆች ነው። መጽሐፉ የሚጀምርበት መንደር በዚያ ዘመን ለማን ይገብር ነበር፣ በ1942ና በ1960ስ ምን አደረገ? የዲማና የቢቸና ወገን በብዛት ተጽፏል፤ ታሪኩ የተጀመረበት የዳሞት ወገን ግን በመጽሐፉ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በኋላ ዝም እንደሚል ሁሉ፣ በእኛም የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ዝም ብሏል። አያቶቻችሁ አሁንም በሕይወት አሉ፤ የድምፅ መቅጃ ያለው ስልክም በየኪሳችሁ ነው።