የቮልስን ዕድሜ ማን ወሰነው?

የቮልስ ወዳጆች በአንድ ነገር አይደራደሩም፤ መኪናዋን የገደላት እርጅና ሳይሆን የገዛ ፋብሪካዋ ነው ይላሉ። ራዲያተር የማያስፈልገው፣ አራት ብሎን ተፈትቶ የሚወርድ ሞተር ይዛ ገና ብዙ መሥራት ስትችል አምራቿ ቮልስዋገን በውሃ በሚቀዘቅዝ መኪና ተካት ብለው ያዝናሉ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ በ1930ዎቹ የተነደፈች መኪና እስከ 1970ዎቹ መዝለቋ ራሱ ትርፍ ዕድሜ ነው ባይ ናቸው። የምርት መዝገቡን፣ የፍርድ ቤት ክርክሮቹንና የዘመኑን ሕጎች ጎን ለጎን አድርጎ ላየ ግን ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት ጉዳይ አለ። ቮልስ በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ አልሞተችም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አጀማመሯም እንደሚወራው የአንድ ሊቅ ሥራ ብቻ አልነበረም። ፈርዲናንድ ፖርሽ በጁን 1934 ከጀርመን የመኪና አምራቾች ማኅበር ጋር ተዋውሎ ንድፉን ሲያራምድ፣ ከኋላ በተቀመጠና በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር የሚሄድ መኪና የመሥራት ሐሳብ በቼኮስሎቫኪያው ታትራ ፋብሪካ በሃንስ ሌድቪንካ እጅ ነበር። ታትራ ክስ መሠረተ። ጀርመን አገሪቱን ስትይዝ ነገሩ ተዳፈነ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ተቀስቅሶ በ1960ዎቹ ቮልስዋገን ካሳ ከፍሎ ተገላገለው።

ርካሽነቷም መጀመሪያ በወረቀት ላይ የቀረ ነበር። የናዚ መንግሥት መኪናዋን በ990 ማርክ ለሠራተኛው እንደሚያቀርብ ቃል ገባ፤ ፈላጊው በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ በቁጠባ ደብተሩ ላይ ቴምብር ይለጥፍ ነበር። 336 ሺህ ያህል ሰዎች ቆጠቡ። በሜይ 1938 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ፋብሪካ ግን ጦርነቱ ሲነሣ ወደ ወታደራዊ ምርት ዞረ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው መኪና ሳይረከብ ቀረ። ሙግታቸው እስከ 1961 ተጓትቶ በዋጋ ቅናሽ ወይም በጥቂት ጥሬ ገንዘብ ተቋጨ። በጦርነቱ ዓመታት በዚያው ፋብሪካ በግዳጅ የሠሩት የጦር ምርኮኞች፣ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞችና ከተወረሩ አገሮች የተጋዙ ሰዎች 20 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። ይህን በስፋት የመዘገበው በታሪክ ምሁሩ በሃንስ ሞምሰን የተመራው ጥናት ነው፤ በ1996 ታትሞ ወጣ።

መኪናዋ በብዛት መሠራት የጀመረችው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ነው። ሻለቃ አይቫን ኸርስት በቦምብ የተመታውን ፋብሪካ ተረክቦ ለጦሩ መጓጓዣ እንዲሆኑ የ20 ሺህ መኪኖች ትእዛዝ አስገኘለት፤ በማርች 1946 የወሩ ምርት 1,000 ደረሰ። የእንግሊዝ መኪና አምራቾች ግን መኪናዋን መርምረው አልፈለጓትም። የባለሙያዎች አስተያየት ያን ጊዜም የወደፊቱን አላየም።

ከጃንዋሪ 1948 ጀምሮ ፋብሪካውን የመራው ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ ቅርጿን ሳይቀይር ውስጧን ማሻሻልን መረጠ። በየዓመቱ አዲስ መልክ ከማውጣት ይልቅ ጥራትን፣ መለዋወጫንና የጥገና አገልግሎትን አስቀደመ። አንድ ሚሊዮንኛዋ ቮልስ በኦገስት 1955 ወጣች። በፌብሩዋሪ 1972 ደግሞ ምርቷ 15,007,034 ደርሶ የፎርድን ሞዴል ቲ አለፈ። ወዳጆቿ ደጋግመው የሚያነሡት ይህን ቀን ነው። መዝገቡን ሲያዩት ግን ኩባንያው በዚያ ድል መካከል በአብዛኛው በአንድ መኪና ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ድጋፉን የነቀነቁት ነገሮች አብዛኞቹ ከሞተሯ ውጭ የነበሩ ናቸው። ትልቁ የውጭ ገበያዋ አሜሪካ በ1966 የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ፣ በ1970 ደግሞ የንጹሕ አየር ሕግ አወጣች። አየር የሚያቀዘቅዘውን አሮጌ ንድፍ ከእነዚህ ጋር ማስማማት ከባድና ውድ ነበር። በዚያ ላይ የገንዘብ ምንዛሬው ተለወጠ። በ1960ዎቹ አብዛኛው ጊዜ አንድ ዶላር 4 ማርክ ያወጣ ነበር፤ በ1974 ወደ 2.60 ወረደ። ጀርመን ተሠርታ አሜሪካ የምትሸጥ ርካሽ መኪና ርካሽ ሆና መቆየት አልቻለችም፤ የጃፓን መኪኖችም ደረሱባት። በ1974 ኩባንያው ከ800 ሚሊዮን ማርክ በላይ ከሰረ። ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ የነደፈው፣ ሞተሩ ከፊት የሆነውና በውሃ የሚቀዘቅዘው ጎልፍ የመጣው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሳኔው የንቀት ሳይሆን የመትረፊያ ነበር። ጎልፍም በጁን 2002 በምርት ብዛት ቮልስን በለጠ።

በትውልድ ከተማዋ በቮልፍስቡርግ የቮልስ ምርት ጁላይ 1 ቀን 1974 አበቃ። ከ10 ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን ማውረዱን በቤተ መንግሥታቸው ካነበበላቸው በኋላ በቮልስ የኋላ መቀመጫ አስቀምጦ ወሰዳቸው። በሮልስ ሮይስ ይንቀሳቀሱ የነበሩት ንጉሥ በዚያች መኪና መሄዳቸው ብዙ ተብሎበታል። ለመኪና ታሪክ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። በትውልድ ከተማዋ ምርቷ ሲቆም ቮልስ በአዲስ አበባ ጎዳና የተለመደች የዘወትር መኪና ነበረች።

በጀርመን ጣሪያዋ የማይከፈተው የመጨረሻዋ ቮልስ በኤምደን ፋብሪካ በጃንዋሪ 1978 ወጣች። ብራዚል ግን እስከ 1986 ሠራች፤ ካቆመች በኋላም ከ1993 እስከ 1996 እንደገና አመረተቻት። ሜክሲኮ ሁሉንም በለጠች። የፑዌብላ ፋብሪካ በ1990ዎቹ ነዳጅ መርጫና የጭስ ማጣሪያ ጨምሮላት ከአየር ብክለት ደንብ ጋር አስታረቃት፤ የሜክሲኮ ከተማ ታክሲ ሆና ለዓመታት አገለገለች። በመጨረሻ ባለ አራት በር መኪኖች ገበያውን ያዙ፤ የከተማው የታክሲ ደንብም ወደ እነሱ አደላ። የመጨረሻዋ፣ 21,529,464ኛዋ፣ ጁላይ 30 ቀን 2003 ከመሥመሩ ወጣች።

ያው ንድፍ በትውልድ ከተማው ምርቱ ከቆመ በኋላ በሌላ አገር ለ29 ዓመታት ተጨማሪ ተመርቷል። ልዩነቱን የፈጠሩት የአካባቢ ሕግ፣ ምንዛሬ፣ የጉልበት ዋጋና የመለዋወጫ አቅርቦት ናቸው። መካኒክ ውድ፣ አዲስ መኪና ርካሽ በሆነበት አገር ቀላል አሠራር ትዝታ ይሆናል፤ ተቃራኒው በሆነበት አገር እንጀራ ነው። የወዳጆቿ ምስጋና ልክ የሚሆነው በዚህኛው ዓይነት አገር ነው። የነቃፊዎቿም ሚዛን የሚደፋው በዚያኛው ነው።

ዛሬ ያው ጥያቄ በኤሌክትሪክ መኪና ተመልሶ መጥቷል። ቮልስዋገን ራሱ በ2019 አሮጌ ቮልስ በባትሪ እንድትሄድ አድርጎ አሳይቷል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ስለ ሞተር ድምፅና ስለ ካርቡራተር ሽታ ቢከራከሩም የቮልስ መዝገብ የሚያስተምረው ወደ ጋራዡ እንድናይ ነው። አንዲት መኪና ከፋብሪካዋ ዋስትና አልፋ የምትኖረው ሰፈር ያለ መካኒክ ከፍቶ ሊያያት፣ ዕቃዋን ከገበያ ሊያገኝ፣ ሥራውንም ባለቤቱ ሊከፍል በሚችለው ዋጋ ሊሠራላት ሲችል ነው። ባትሪውን የሚፈትሽ መሣሪያ፣ ሥልጠናና መለዋወጫ በኩባንያው እጅ ብቻ ከቀረ የኤሌክትሪክ መኪናዋ ዕድሜ እንደገና ከሩቅ ይወሰናል። ወደ አገር ቤት ጋራዥ ከወረደ ግን ከቮልስ የሚያንስ ዕድሜ እንዲኖራት የሚያስገድድ ነገር የለም።